በእትዬ ዘሀራ ቤት ያለፈው መስመር

የእህቴ ልጅ የሕንፃ ፕላን በኮምፒውተር ትሠራለች። ባለፈው እሁድ ልጠይቃት ብሄድ ግንባሯን ቋጥራ ተቀምጣ አገኘኋት። «ምን ሆነሻል?» ብላት «አጎቴ፣ ይሄ የሴክሽን መስመር አስቸገረኝ፤ ፕላኑን ሁሉ አቋርጦ ያልፋል» አለችኝ። ከዚያ አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ ስታደርግ መስመሩ እጥር አለና ሁለት ጫፎቹ ብቻ ቀሩ። እሷም እፎይ ብላ ተነፈሰች። መከራዋ በጠቅላላው አራት ደቂቃ ፈጀ።

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አልታዘዝ ያለ መስመርማ የእኔ ነበር፤ አርባ ገበሬ ዶማና አካፋ ይዞ የተከተለው! እሷ ግን ሽማግሌ ያለ ምክንያት ይስቃል ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሴክሽን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ድፎ ዳቦን ከላይ ብታዩት ክብ ነው፤ ውስጡ መብሰሉን ለማወቅ ግን መቁረጥ ያስፈልጋል። ሴክሽንም እንዲሁ ነው። ቤቱን በሐሳብ ቢላዋ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀን ውስጡን እናሳያለን። ቢላዋው የት እንዳለፈ እንዲታወቅ ደግሞ ፕላኑ ላይ አንድ መስመር እናሰምራለን፤ በሁለቱም ጫፍ ቀስት እናደርግና «ሀ» እና «ሀ» ብለን እንጽፋለን። መስመሩ ግድግዳ አይደለም፣ አጥርም አይደለም። መሬት ላይ ወርዳችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ቢያንስ ያን ጊዜ የማውቀው እንዲህ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ መንደር ምሥረታው በጦፈበት ሰሞን። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ድራፍትማን ነበርሁ። መስመር በማስመር የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ ነው፤ ጉራው ግን እውነት ነው። ከነፋስ የቀጠነ መስመር ያለ መንቀጥቀጥ ከወረቀቱ ዳር እስከ ዳር እሰድድ ነበር። ያውም በደብረ ብርሃን ብርድ! ብርዱ የብዕራችንን ቀለም ስለሚያረጋው ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ብዕሮቻችንን ግራ ብብታችን ሥር አድርገን ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን እናሞቃለን። ባለጉዳይ በሩን ከፍቶ ሲገባ አምስት ሰው ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ጸጥ ብሎ ቆሞ ያያል። የኅሊና ጸሎት ላይ የደረሰ መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ አብሮን የቆመም አለ። የሁላችንም ሸሚዝ ከግራ ብብቱ በታች ጥቁር ነበር፤ ልብስ አጣቢዎቹ ሁሉ በዚያ ያውቁናል።

አለቃዬ ጋሽ መኮንን ጥንቁቅ ሰው ናቸው። በሥራዬ ላይ አንድ ነቀፋ ብቻ ነበራቸው። «አንተ ልጅ፣ የሴክሽን መስመርህን አሳጥር» ይሉኛል። «ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጫፍና ጫፉን ማመልከት ይበቃል። ምን ያስሮጥሃል?» እኔ ግን ስስት ይመስለኝ ነበር። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያሳጥር! እኔ እስከ መጨረሻው አሰምረዋለሁ፣ ቀስቱንም ጥቁር አድርጌ እሞላዋለሁ፣ «ሀ»ዋንም አሳምሬ እጽፋታለሁ።

በዚህ መካከል ከአንኮበር በታች፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የእህል መጋዘን ንደፍ ተባልሁ። ቀያሹ የቦታውን ካርታ አመጣልኝ። መሬቱ እንዴት ያለ ቁልቁለት ነው! እንዲህ ያለ ቁልቁለት ለድራፍትማን በዓል ነው። ቁልቁለቱን በሙሉ ለማሳየት ብዬ መስመሬን ከመጋዘኑ አሳልፌ ሰደድሁት። ከላይ ከአፋፉ ተነሥቶ፣ መጋዘኑን ሰንጥቆ፣ ታች ወንዝ ገባ። በመሐል ቀያሹ «ነባር ቤት» ብሎ በትንንሽ ሳጥን ካመለከታቸው ሰባት ቤቶች አንዱን ለሁለት ከፍሎት አልፏል። አይቼዋለሁ፤ ሳጥን ናት ብዬ ተውኋት።

ጋሽ መኮንን በዚያን ቀን ወደ ስብሰባ እየተጣደፉ ነበርና ሳያዩ ፈረሙ። ከእሳቸው በላይ ያሉት ሁለቱ የእሳቸውን ፊርማ አይተው ፈረሙ። ማኅተም ተመታበትና ወረደ።

ከወር በኋላ የመሠረቱን ሥራ እይ ተብዬ ተላክሁ። ማክሰኞ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ላንድሮቨር አንኮበር ድረስ በጉም ውስጥ አደረሰኝ፤ ከዚያ በእግሬ ወረድሁ። አንድ ጠምዘዝ ያለ ቦታ ላይ ብቅ ስል ያየሁት ነገር ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ድረስ በነጭ ኖራ መስመር ተሰምሯል። በየአሥር እርምጃው ችካል ተተክሏል፣ በችካሎቹ ላይ የቃጫ ገመድ ተወጥሯል። ሃያ ሰው ከላይ፣ ሃያ ሰው ከታች ሆኖ መሬቱን ይቆፍራል። በማሽላው መሐል ቢያልፍ፣ በድንጋይ ካብ ላይ ቢያልፍ፣ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። የሙያ ነገር ሆኖብኝ በጣም ተደሰትሁ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ካኪ ኮት ለብሰው፣ ፕላኔን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ኮስተር ያሉ ገበሬ ናቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኋቸው፤ «ይሄን የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አሉ፣ በትሕትናዬ እየተገረሙ።

ፕላኑን ዘረጉልኝ። የእኔው «ሀ—ሀ» ነው።

ጓድ ሽፈራው በኩራት አስረዱኝ። ባለፈው ዓመት የመንደር ምሥረታ ካርታ መጥቶላቸው ነበር። በዚያ ካርታ ላይ ወፍራም፣ ረጅም፣ ቆረጥ ቆረጥ ያለ መስመር መንገድ ነው ተብለው ተምረዋል። አሁን ያው መስመር መጣ፤ ስለዚህ መንገድ ነው፤ በመጋዘኑ መሐል ማለፉም አህያው ውስጥ ገብቶ እንዲጭን ነው። ቀስቶቹ ግን አከራክረዋል። የውይይት ክበቡ ሦስት ቀን ተሰብስቦ፣ ቀስቶቹ የሚወጣው አፈር ወዴት እንደሚጣል ያመለክታሉ የሚል የጋራ አቋም ላይ ደረሰ። «ሀ» እና «ሀ» ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች ቁፋሮ የሚጀምሩባቸው ቦታዎች ናቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፕላኔን እንደ እነሱ በጥሞና ያነበበልኝ ሰው ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

«ሁለቱ ቡድኖች የት ይገናኛሉ?» አልሁ።

«እዚያች ቤት ላይ። ቅዳሜ ትፈርሳለች።»

ገመዱ በአንዲት የጭቃ ቤት የፊት በር ገብቶ በጀርባዋ ግድግዳ ይወጣል። ግድግዳውን ለገመዱ ሲሉ በስተውታል! በሩ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ ሻሻቸውንና ሁለት ቀሚስ አስጥተውበታል። እትዬ ዘሀራ ይባላሉ።

«ይሄ ነው ባለመስመሩ?» አሉ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ። «ወላሂ፣ ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር። ና እስቲ ልጄ፣ ይቺ ቤት ምን አጠፋችህ?»

ምንም አላጠፋችም አልሁ።

«እንግዲያ ስማኝ። ልጄ ሰይድ ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ሲሄድ ‹እናቴ፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ፣ ስመለስ የምፈልግሽ እዚሁ ነው› ብሎኛል። እኔ ያለበትን አላውቅም። እሱ የሚያውቀው አድራሻ ይቺ በር ብቻ ናት። እሷን ስታፈርሷት በየት ብሎ ይምጣ?»

አፈርሁ። ሳጥን ናት ብዬ ያለፍኋት ቤት በርም፣ ሻሽም፣ የሚጠበቅ ልጅም አላት። ሆኖም በራሴ የምተማመን ሰው ነኝና በአንድ አፍታ አስተካክለዋለሁ ብዬ ወደ ጓድ ሽፈራው ዞርሁ።

«ይሄ መስመር የለም» አልኋቸው።

«እንዴት የለም?»

«በሐሳብ ነው እንጂ በእውነት የለም።»

ጓድ ሽፈራው ፕላኑ ላይ ያለውን ማኅተም አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ማኅተሙን አዩ። «ማኅተም ያለበት መስመር የለም እያሉኝ ነው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። በዚያ ዘመን ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር ነገር ጥሩ አልነበረም።

ከዚያ ግሩም ሐሳብ መጣልኝ፤ በኋላ እንደታየው ግሩም አልነበረም። እትዬ ዘሀራን ዳቦ ለመንኋቸው። ትኩስ ድፎ አመጡ። ቁፋሮው ቆሞ አርባው ሰው ከበበኝ። «እነሆ ቤት» አልሁ፣ ዳቦውን ከፍ አድርጌ። «ውስጡን ለማየት እንዲህ እንቆርጠዋለን።» በቢላዋ ለሁለት ከፈልሁት። «ተመልከቱ፣ ውስጡ ታየ። ሴክሽን ማለት ይኸው ነው!» ሕዝቡ በመረዳት ራሱን ነቀነቀ። ጓድ ሽፈራው ግማሹን ዳቦ ተቀብለው አላምጠው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ።

«አሁን ገባኝ» አሉ። «እኛ ቤቱ በሙሉ ይፈርሳል ብለን ተሳስተን ነበር። መመሪያው ከመሐል ይቆረጥ ነው የሚለው! ግማሹ ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ግማሹ በስተግራ ይቆያል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። መሐንዲሱ ለድሃ አዘነ ተባለ።

«እኔስ?» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ከመደቤ ተነሥቼ ወጥ ላማስል ስሄድ አህያና ግመል እያሳለፍሁ ነው? ኧረ በአላህ፣ አንተ ልጅ ሌላ እንዳታስረዳልኝ!»

ጓድ ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ ጎን ወስደው ቁርጡን ነገሩኝ፦ በማኅተም የመጣ ነገር በማኅተም እንጂ በአፍና በዳቦ አይመለስም። ቅዳሜ የዘመቻ ሥራ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ማኅተም ያለበት ሌላ ወረቀት ከመጣ ጥሩ፤ ካልመጣ ቤቱ ይቆረጣል።

ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወጣሁት አልነግራችሁም። በማግስቱ ረቡዕ ጋሽ መኮንን ፊት ቆሜ ሁሉን ተናዘዝሁ። እስከ መጨረሻው ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሳጥር ብዬህ ነበር» አሉ።

«ብለውኛል» አልሁ።

«አሁን መስመሩን እናጥፋው» አልሁ ቀጥዬ። «ተሳስተን ነው ብለን ደብዳቤ እንጻፍ።»

«ተሳስተን?» ጋሽ መኮንን ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ይሄ መንገድ ነው ብለው ወር ሙሉ ቆፍረዋል። መስመሩ ከወረቀቱ ላይ ከጠፋ ‹ማን አጠፋው? ማን ሕዝቡን አለፋው?› ይባላል። የጠፋ መስመር አሻጥር ነው። ሦስት ፊርማ አለበት፤ አንዱ የእኔ ነው። አምስት ልጆች አሉኝ። ፈቀቅ ያለ መስመር ግን ማሻሻያ ይባላል። ማሻሻያ ማንንም አያሳስርም።»

እዚህ ላይ የሙያችን ሕግ ደረሰልን። የሴክሽን መስመር ሲያስፈልግ መታጠፍ ይፈቀድለታል፤ ሄዶ ሄዶ በቀኝ ማዕዘን ይታጠፍና ትንሽ ፈቀቅ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። በሕይወቴ መስመር አጥፌ አላውቅም ነበር። አሁን ግን እትዬ ዘሀራ ቤት ሲደርስ ወደ ጎን አጥፌ፣ ቤቱን አሳልፌ፣ እንደገና ልመልሰው ወሰንሁ።

መጀመሪያ ቢሮ ከቀረው ዋናው ወረቀት ላይ አሮጌውን መስመር መፋቅ አለ። የምንሠራበት ወረቀት ስስ ነው፤ ቀለሙም በላጲስ አይለቅም፣ በምላጭ ይፋቃል። እኔ ደግሞ ቀለሜን አጠጥቼ የማሰምር ሰው ነኝ። ፋቅሁ፣ ፋቅሁ፣ ሲጥ አለ። ወረቀቱ ተቀደደ። ቀዳዳው የት ላይ ነው ብትሉኝ፣ በትክክል በእትዬ ዘሀራ ቤት ላይ! አርባ ገበሬ በዶማ ያልደፈረውን እኔ በአንድ ምላጭ ጨረስሁት። ጋሽ መኮንን ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀዳዳውን ከጀርባ በወረቀት ለጥፌ ቤቱን እንደገና ሣልሁት። እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ሐሙስ ቀን ሙሉ በዚያች ሳጥን ላይ አቀረቀርሁ። ለመጋዘኑ በጠቅላላው ያን ያህል አልተጨነቅሁም ነበር። ሲያልቅ ብለካው ቤቱ ከድሮው በአንድ ሜትር ረዝሟል። እንደገና ብፍቀው እንደገና ይቀደዳል ብዬ ተውሁት። ጋሽ መኮንን ዓርብ ጠዋት ፈረሙ፣ ወደ ላይ ይዘውት ወጡ። ሁለቱ የበላዮች የእሳቸውን ፊርማ አይተው ፈረሙ። ማኅተም ተመታበት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስደርስ የላዮቹና የታቾቹ ቆፋሪዎች ከቤቱ ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቷቸዋል። እትዬ ዘሀራ ዕቃቸውን አላወጡም። በራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ጓድ ሽፈራው አዲሱን ፕላን ዘረጉና መጀመሪያ ማኅተሙን አዩ። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው አሸተቱት። ቀጥሎ መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ። ከአፋፉ ወረዱ፣ መጋዘኑን አለፉ፣ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ታጠፈች፣ ቤቱን ዞረች፣ ወደ ወንዙ ወረደች።

«ተሻሽሏል!» ብለው ጮኹ። «ችካል ይነቀል!»

እትዬ ዘሀራ ቀሚሳቸውን ከገመዱ ላይ ሰብስበው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞልቶ ወደ ማሽላው ዞርሁ።

ነገሩ ግን አላለቀም። ጓድ ሽፈራው ሜትር ይዘው ቤቱን ለኩ። አንድ ጊዜ ለኩ፣ ደገሙ። «ቤቱ ከፕላኑ ያንሳል!» አሉ። «በአንድ ሜትር!» ትንሽ አሰቡና ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ። «ይጨመርላት!» ወዲያው አሥር ሰው ጭቃ ማቡካት ጀመረ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ጓዳ ስጠኝ ብዬ ዱዓ ሳደርግ አሥር ዓመቴ ነው።»

መንገዱም ተሠራ። እስከማውቀው ድረስ በአገራችን አህያ የሚሄድበት የሴክሽን መስመር ያሰመርሁ እኔ ብቻ ነኝ። መታጠፊያው ልክ ዘጠና ዲግሪ ስለሆነ ጭነት የያዘ አህያ ሲዞር ትንሽ ይቸገራል ይባላል፤ በሌላው ግን እንከን አይወጣለትም።

ጭቃው ሲቦካ እትዬ ዘሀራ አጠገቤ መጥተው ወረቀቱን አሳየኝ አሉ።

«እኔ የት ነኝ?»

ሳጥኗን አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸውን አስቀመጡባት፤ ጣታቸው ቤቱን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው።

«ስሜ አለበት?»

«የለም። ‹ነባር ቤት› ነው የሚለው።»

«ለዚያ ነዋ!» አሉ። «ዘሀራ የሚል ቢኖርበት መስመርህ ትንሽ ያፍር ነበር። ጻፍበት። የሰይድንም ጨምርልኝ።»

ብዕሬን ከብብቴ አወጣሁ። ጓድ ሽፈራው ደነገጡ። «ማኅተም በተመታበት ላይ ይጻፋል እንዴ?» አሉኝ። አይጻፍም። ክልክል ነው። «ይጻፋል» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ በዚያች ሳጥን ውስጥም «የዘሀራና የሰይድ ቤት» ብዬ በሚያምር ፊደል ጻፍሁ።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ዶማውን ጥሎ ቀረበ። «ያቺ የታችዋ የእኔ ናት» አለ። ጻፍሁለት። ሌላው መጣ። ከዚያ ሌላው። ወር ሙሉ በሰው ቤት ላይ ገመድ ሲወጥሩ የከረሙት ሰዎች እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ተሰለፉ። ሰባቱም ሳጥኖች ስም አገኙ።

ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ ጓድ ሽፈራው ብቻ ቀሩ። ግራና ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የእኔ ቤት እዚህ ላይ የለችም?»

«የለችም። ከወረቀቱ ውጭ ናት። ምንም አይነካትም።»

«ነገ ሌላ ወረቀት ይመጣላ» አሉ። «እዚህ ዳሩ ላይ አንዲት ሳጥን ሣልልኝ።»

ሣልሁላቸው። «ጓድ ሽፈራው ብዬ ልጻፍ?» አልኋቸው።

«ጓድ የሚለውን ተወው» አሉኝ። «ሽፈራው ብቻ በል።»